«ያ ፈተና የከተማ ልጆች ነው» ተባልኩ፤ ልሞክር ወይስ ልተወው?

ውድ አማካሪ፣ ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

የ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ትምህርት ቤታችን በደቡብ ወሎ ቆላ የሚገኝ ትንሽ የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ቀበሌያችን ከትምህርት ቤቱ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ስለሚርቅ ከሁለት ጓደኞቼ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። ዓርብ ከትምህርት በኋላ ወደ ቤት እሄዳለሁ፤ እሑድ የሳምንቱን ስንቅ ተሸክሜ እመለሳለሁ።

እስከ አሁን ከክፍሌ አንደኛ እየወጣሁ ነው የመጣሁት። የምወደው ኬሚስትሪ ነው። ምክንያቱን ብነግርዎ ይስቁ ይሆናል። ከሦስት ዓመት በፊት የእናቴን ማሽላ አቀንጭራ የሚባለው አረም በላው። አበባዋ ሐምራዊ ሆኖ ሲያዩት ያምራል፤ ከሥር ግን ማሽላውን መጥጣ አደረቀችው። እናቴ ስትነቅል ውላ በማግሥቱ ሌላ በቅሎ ታገኛለች። የባዮሎጂ መምህራችንን ስጠይቀው «ከማሽላው ሥር ጋር በኬሚካል ነው የሚገናኙት» አለኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህን ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ።

ስለ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና ስለ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በሬዲዮ ሰማሁ። የራሳቸው የመግቢያ ፈተና አላቸው ተባለ። መፈተን እፈልጋለሁ ስል የክፍላችን ኃላፊ መምህር «ያ ፈተና የከተማ ልጆች ነው፤ አንቺ የብሔራዊ ፈተናውን ማለፊያ 50 በመቶዋን ለማምጣት ተጣጣሪ» አለኝ። እውነቱን ነው። ባለፈው ዓመት ከትምህርት ቤታችን ያለፉት ሁለት ልጆች ናቸው፤ ካቻምና አንድም አልነበረም። የፊዚክስ መምህራችን በጥቅምት ተዛውሮ ከሄደ ወዲህ የሚያስተምረን የለም። «ላብራቶሪ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ክፍል አለን፤ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ዕቃው ከተዘረፈ በኋላ የተሰበረ ወንበር ማስቀመጫ ሆኗል። ኮምፒውተር በእጄ ነክቼ አላውቅም።

ታላቅ እህቴ ጂዳ በሰው ቤት ትሠራለች። የቤት ኪራዬንና የደብተሬን የምትችለው እሷ ናት። «ነርስነት ተማሪ፤ ቶሎ ሥራ ትይዣለሽ፤ እኔም አገሬ እገባለሁ» ትለኛለች። ስለ ኬሚስትሪ ልነግራት ስጀምር ድምፄ ይጠፋብኛል።

ሌሊት ሌሊት የማስበው ይህን ነው። ተፈትኜ ብወድቅ መሳቂያ እሆናለሁ። ባልፍ ደግሞ ከከተማ ልጆች መካከል ምንም የማላውቅ እሆናለሁ። ልሞክር ወይስ ልተወው?

ዘ. ነኝ፣ ከደቡብ ወሎ

ልጄ ዘ.፣

«ምክንያቱን ብነግርዎ ይስቁ ይሆናል» ያልሽው ላይ ስደርስ ደብዳቤሽን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። አልሳቅኩም። ስለ ዩኒቨርሲቲ ምርጫ ከሚጽፉልኝ ልጆች አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ የትኛው ዩኒቨርሲቲ ስም እንዳለው፣ የትኛው የትምህርት ክፍል ቶሎ ሥራ እንደሚያስገኝ ነው። ይህን መጠየቃቸው ተገቢ ነው፤ ኑሮ ነውና። አንቺ ደግሞ ከእናትሽ እርሻ ላይ አንድ ጥያቄ አንሥተሽ ሦስት ዓመት ሙሉ ይዘሽው ኖረሻል። ወደዚህ ጥያቄሽ ኋላ እመለስበታለሁ፤ የምመክርሽ ነገር ሁሉ መነሻው እሱ ነው።

አስቀድሞ ስለ መምህርሽ። ቃሉ እንዳመመሽ ከአጻጻፍሽ ያስታውቃል። ከክፋት የተናገረው ግን አይመስለኝም። ብሔራዊ ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ መምህራን ያዩት ነገር ቀላል አይደለም። በዚያ ዓመት ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ነበሩ። በ2016 አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች 1,363 ደረሱ፤ ከእነሱ አንዱ የአንቺው ትምህርት ቤት እንደነበረ ራስሽ ጽፈሻል። የተሻለ ነው የተባለው የ2017 ውጤት ራሱ 8.4 በመቶ ነው። እንዲህ ያለውን ዓመት ከተማሪዎቹ ጋር ያለፈ መምህር፣ አንደኛ የምትወጣው ልጅ ሁለት ጥንቸል ስታባርር አንዱንም ሳትይዝ እንዳትቀር ቢፈራ አልፈርድበትም።

ደግሞም የፍርሃቱ ግማሽ ትክክል ነው። 50 በመቶዋ ትቀድማለች። ሁለቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም የሚያወዳድሩት ብሔራዊ ፈተናውን ያለፉትን ነው። መምህርሽ የተሳሳተው ሁለቱን ፈተናዎች እንደ ሁለት የተለያየ መንገድ መቁጠሩ ላይ ይመስለኛል። የሚጠይቁሽ ከዚያው ከምትማሪው ሒሳብና ሳይንስ ነው። ለአንዱ ያጠናሽው ለሌላውም ይሆንሻል። የመግቢያ ፈተናውን ተፈትነሽ ሳትመረጪ ብትቀሪ በትምህርት ሚኒስቴር በኩል የሚደርስሽ ምደባ አይነካብሽም። ታዲያ ብትሞክሪ የምታጪው ምንድን ነው? የመንገድ ገንዘብ፣ ጥቂት ቀናት፣ ምናልባትም ጥቂት ሳምንታት የሚቆይ የልብ ስብራት። ይህ ምንም አይደለም አልልሽም፤ የመንገዱ ገንዘብ ከጂዳ የመጣ ገንዘብ ነው። ብትተዪው የምታጪውን ግን ከጎኑ አስቀምጪና በራስሽ ሚዛን መዝኚው።

«መሳቂያ እሆናለሁ» ብለሻል። እስኪ ልጠይቅሽ፤ ማን ነው የሚስቅብሽ? ሌሊት ሲያስቡት አገር ምድሩ የሚስቅ ይመስላል። ነገ ቀን ላይ ቁጭ ብለሽ ስማቸውን ወረቀት ላይ ጻፊው። አብረውሽ የሚኖሩት ሁለቱ ልጆች ናቸው? እናትሽ ናት? መምህርሽ ነው? ስም በስም ሲጻፍ ዝርዝሩ የሚያጥር ይመስለኛል። ምናልባት መጨረሻ ላይ የምታገኚው የራስሽን ስም ብቻ ይሆናል። እንዲያ ከሆነ ከራስሽ ጋር መታረቅ ይቻላል።

ሁለተኛው ፍርሃትሽ ይከብዳል፤ «ባልፍስ?» የሚለው። እሱን እኔም አውቀዋለሁ።

እኔም የመጣሁት የአንቺን ከመሰለ ትምህርት ቤት ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባሁ ሰሞን የኬሚስትሪ ላብራቶሪ ተጠራን። ጠረጴዛው ላይ ረጅም ቀጭን የመስታወት ቱቦ ቆሟል፤ የፈሳሽ መለኪያ ነው፤ ቡሬት ይባላል። ውኃ ሲሞላበት የውኃው ፊት ዝርግ አይሆንም፤ ዳር ዳሩ መስታወቱን ይዞ ከፍ ይልና መሐሉ ይጎደጉዳል። ይህ ጎድጓዳ ፊት ሜኒስከስ ይባላል። ቃሉን በሦስት ፈተናዎች ላይ በትክክል ተርጉሜ ሙሉ ነጥብ አግኝቼበታለሁ፤ በዓይኔ ግን አይቼው አላውቅም ነበር። ልኬቱ ከዳሩ ይነበብ ከጎድጓዳው አላወቅኩም። አጠገቤ የቆመችው ልጅ ጎንበስ አለች፤ ዓይኗን ከውኃው ጋር ትክክል አደረገች፤ ከጎድጓዳው ታች አነበበችና ጻፈች። እኔ እንደ ቆምኩ ከላይ ወደ ታች አየሁና የመጣልኝን ቁጥር ጻፍኩ። የእኔ ውጤት ከሁሉም ተለይቶ ተበላሸ። ምን እንዳጠፋሁ ለመጠየቅ ግን አፈርኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንደዚያው ቆሜ እያነበብኩ አሳለፍኩ። በአራተኛው ሳምንት ያቺው ልጅ ዝም ብላ ትከሻዬን ይዛ ወደ ታች ዝቅ አደረገችኝ። በቃ፣ ያ ነበር። ከእኔ የምትበልጠኝ በዚያች ጎንበስ ማለት ነበር። በመጀመሪያው ቀን «ይህን ዕቃ አይቼው አላውቅም፤ አሳዩኝ» ብል ኖሮ ሦስቱ ሳምንታት ባልባከኑ ነበር።

ሁሉም እንዲህ በአንድ ቀን ይስተካከላል ብዬ ግን አላታልልሽም። እንግሊዝኛው ዓመት ፈጅቶብኛል። የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ውጤቴ ከክፍል አንደኛነት ለመጣ ሰው የሚያስደነግጥ ነበር፤ ሒሳብን ለጥቂት ነው ያለፍኩት። አንደኛ መውጣት የለመደ ሰው መካከል ላይ ሲገኝ ማንነቱ የጠፋበት ይመስለዋል። አንቺም ይህ ሊገጥምሽ ይችላል። ያን ጊዜ «ያልተማርኩት ነገር» እና «የማልችለው ነገር» የተለያዩ መሆናቸውን አስታውሺ። ይህን መለየት ደግሞ ከአሁኑ መለማመድ ትችያለሽ፤ እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ።

አንድ ያላለቀ ደብተር ውሰጂ። ያለፉት ዓመታት የ12ኛ ክፍል ፈተና ወረቀቶች በመምህራን እጅ አይጠፉም፤ አንዱን ለምኚና ሰዓት ይዘሽ፣ ማንንም ሳትጠይቂ ሥሪው። ከዚያ የሳትሽውን እያንዳንዱን ጥያቄ ከሦስት በአንዱ ሥር መዝግቢ፤ «አልተማርኩትም»፣ «ተምሬው ሳትኩት»፣ «እንግሊዝኛው አልገባኝም»። ሦስተኛውን አትናቂው። ከገጠር የመጣ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው ፊዚክሱ ላይ ሳይሆን ጥያቄው ውስጥ ባለች አንዲት ቃል ላይ ነው። ድንጋይ ከገደል አፋፍ ወደ ጎን ቢወረወር መሬት ለመድረስ ስንት ሰከንድ ይፈጅበታል የሚል ጥያቄ አለ እንበል። ስሌቱን ታውቂዋለሽ፤ «ወደ ጎን» የምትለው የእንግሊዝኛ ቃል ካልገባችሽ ግን ድንጋዩን ወደ ላይ ወርውረሽው ትሳሳቻለሽ። እንዲህ ያሉትን ቃላት ደብተሩ መጨረሻ ላይ ሰብስቢ፤ በየጥያቄው የሚመላለሱት እነዚያው ስለሆኑ ብዙ አይበዙም።

ሁለት ወረቀት ሠርተሽ ስትጨርሺ ከሦስቱ የትኛው እንደበዛ ይታይሻል። «አልተማርኩትም» የሚለው በፊዚክስ ተጥለቅልቆ ብታገኚው አትደንግጪ፤ የመምህር አለመኖር ነው የሚነግርሽ። ስለዚህ መምህሩን መፈለግ ነው። የተዛወረው መምህራችሁ ስልክ በአንድ ተማሪ እጅ ሳይኖር አይቀርም። የከበዷችሁን ጥያቄዎች ፎቶ አንሥታችሁ ብትልኩለት በሳምንት አንድ ቀን ይመልስላችሁ ይሆናል፤ ተማሪዎቹን ጥሎ የሄደ መምህር ብዙ ጊዜ ልቡ እዚያው ይቀራል። የሒሳብ መምህራችሁም የፊዚክስን ስሌት ሊያግዛችሁ ይችላል። ሌላም አለ፤ ከክፍል ጓደኞችሽ ጋር ሆናችሁ በጽሑፍ ለርዕሰ መምህሩ አመልክቱ። የጎረቤት ትምህርት ቤት የፊዚክስ መምህር በወር ሁለት ቅዳሜ መጥቶ እንዲያግዛችሁ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ጋር ይነጋገር። ቅዳሜ ስንቅ ለማምጣት ሄደሽ ቤት የምትውዪበት ቀን መሆኑ ገብቶኛል። እነዚያን ሁለት ቅዳሜዎች ስንቅሽን ለገበያ የሚወጣ የጎረቤት ሰው እንዲያደርስልሽ እናትሽን መጠየቅ ይቻል ይሆን? የደርሶ መልሱ ስድስት ሰዓት ቀላል አይደለም። ቤት መሄዱ የሚሰጥሽን ዕረፍትና የእናትሽን ፊት ግን ሁልጊዜ አታስቀሪ፤ የደከመ ልብ አያጠናም።

አብረውሽ የሚኖሩት ሁለቱ ልጆች ደግሞ ትልቅ ሀብትሽ ናቸው። የመማሪያ መጻሕፍቱ በፒዲኤፍ ስላሉ ከሦስታችሁ የአንዷ ስልክ ላይ አንድ ጊዜ ከተጫኑ በኋላ ኢንተርኔት አያስፈልጋችሁም። ምዕራፍ ተከፋፈሉ፤ እያንዳንዳችሁ የደረሳችሁን አጥንታችሁ ለሁለቱ አስተምሩ። አንቺ አንደኛ ስለሆንሽ ሁልጊዜ አስተማሪ አትሁኚ። ስትጠየቂ ብቻ ሳይሆን ስትጠይቂም ይዩሽ። «አልገባኝም» ማለትን ከወዲሁ በነሱ ፊት ከለመድሽው እኔ ያባከንኳቸውን ሦስት ሳምንታት አታባክኚም።

ኮምፒውተሩን በተመለከተ ብዙ አትጨነቂ፤ ብቻ እስከ መጨረሻው ቀን አትተዪው። ከ2016 ጀምሮ ብሔራዊ ፈተናው በኮምፒውተርም መሰጠት ጀምሯል። የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናም በኮምፒውተር ሊሆን ይችላል። ሐይቅ ወይም ደሴ ስትወጪ አንድ የጽሕፈትና የኮምፒውተር ቤት ገብተሽ ለጥቂት ሰዓት ክፈዪ። የምትለማመጂው አራት ነገር ነው፤ ማውዝ መያዝ፣ መልስ መምረጥ፣ የዘለልሽው ጥያቄ ላይ ተመልሶ መሄድ፣ የቀረሽን ሰዓት ማየት። በሁለት ጊዜ ልምምድ እጅሽ መንቀጥቀጡን ይተዋል።

አሁን ወደ አቀንጭራሽ እንመለስ።

መምህርሽ «በኬሚካል ነው የሚገናኙት» ያለሽ እውነት ነው፤ ነገሩ ደግሞ ከዚህም በላይ ይደንቃል። አንዲት አቀንጭራ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዘር ትጥላለች። ዘሩ ከአቧራ የማይተናነስ ደቃቅ ነው፤ አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይበቅል ተኝቶ መቆየት ይችላል። የሚነቃው የማሽላው ሥር ስትሪጎላክቶን የሚባል ኬሚካል ወደ አፈሩ ሲለቅ ነው። ማሽላው ሳያውቅ ጠላቱን በራሱ ሥር ይጠራዋል ማለት ነው። እናትሽ የነቀለችው በማግሥቱ የሚተካው ለዚህ ነው፤ ከመሬት በታች ተራውን የሚጠብቅ ብዙ ዘር አለ።

ይህን ጉዳይ ዕድሜ ልኩን ያጠና ኢትዮጵያዊ አለ፤ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጄታ። የተወለደው ወሎንኮሚ በምትባል የገጠር መንደር፣ ባለ አንድ ክፍል የሣር ቤት ውስጥ ነው። ትምህርት ቤቱ 20 ኪሎ ሜትር ይርቅ ስለነበር እሑድ በእግሩ ሄዶ ዓርብ ይመለስ ነበር። የአንቺው እሑድና ዓርብ ነው። ከጂማ የእርሻ ትምህርት ቤት ወደ ዓለማያ ኮሌጅ ገባ፤ ከዚያም አሜሪካ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራምሮ አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን አወጣ። ከእነዚህ ዝርያዎች አንዳንዶቹ አቀንጭራን የሚያሸንፉት ያንን የሚጠራውን ኬሚካል በጣም ጥቂት አድርገው በመልቀቅ ነው፤ ጥሪው ሲደክም ዘሩ አይነቃም። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን የተሸለመው በማሽላ ሥራው ነው። ዶክተር ሰገነት ቀለሙንም ልጥቀስልሽ። የፍኖተ ሰላም ልጅ ናት፤ የዕፅዋት በሽታ ተመራማሪ ሆና ናይሮቢ የሚገኘውን ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል መርታለች።

እነዚህን ሁለት ሰዎች ያነሣሁት እንደነሱ ሁኚ ለማለት አይደለም። ሁለቱም የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ያገኙት ከዓለማያ፣ ማለትም ከዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ መሆኑን እንድታይ ነው። በሬዲዮ የሰማሻቸው ሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ጥሩ ናቸው፤ የተቋቋሙትም ለምሕንድስናና ለተግባራዊ ሳይንስ ነው። አዲስ አበባው ውስጥ ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪና ባዮቴክኖሎጂ አለ፤ አዳማ ውስጥም አፕላይድ ኬሚስትሪና አፕላይድ ባዮሎጂ አለ። ለጥያቄሽ ይሆናሉ፤ ስለዚህ ሞክሪያቸው እላለሁ። ራስ ገዝ የሆነው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ እሱንም ተመልከቺው። የእሱን ማስታወቂያ ስታነቢ በመንግሥት ወጪ የሚማሩትና ከፍለው የሚማሩት በምን እንደሚለዩ አጣሪ። በሚኒስቴሩ ምርጫ ላይ ግን ሐረማያንም ከላይ ከምታስቀምጫቸው መካከል ብታስገቢ አልቃወምሽም። ዩኒቨርሲቲ ስትመርጪ «ይህ ጥያቄዬ የት ነው የሚጠናው?» ብለሽ ምረጪ። ያን ጊዜ ሳይንስና ቴክኖሎጂው ባይሳካልሽ የምትሄጂበት ቦታ የውድቀት ማረፊያ አይሆንብሽም፤ በምክንያት የመረጥሽው ይሆናል።

የመግቢያ ፈተናዎቹ ማስታወቂያ ጊዜ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል። ብሔራዊ ፈተናው ካለቀ በኋላ፣ ክረምቱንና ውጤት የሚወጣበትን ሰሞን ነቅተሽ መጠበቅ አለብሽ። ምዝገባው በኢንተርኔት ስለሆነና አንቺ ያን ጊዜ ቀበሌሽ ስለምትሆኚ፣ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያለ አንድ ዘመድ ወይም ባለፈው ዓመት ካለፉት ሁለት ልጆች አንዱ የዩኒቨርሲቲዎቹን ገጽ በየሁለት ቀኑ እንዲያይልሽ ከአሁኑ አደራ በዪ። ትራንስክሪፕትሽንና መታወቂያሽን ፎቶ አንሥተሽ ስልክ ላይ አስቀምጪ። ስምሽ በሁሉም ወረቀት ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን አረጋግጪ፤ ለዚች ትንሽ ነገር ሲንከራተቱ ያየኋቸው ልጆች ብዙ ናቸው። እነዚያን ሁለት ልጆች ሌላም ጠይቂያቸው፤ ምን ከበዳቸው? ምን ቀድመው ባወቁ ደስ ይላቸው ነበር?

50 በመቶዋ ጥቂት ብትጎድልስ? በሚኒስቴሩ በሚቆረጠው ነጥብ መሠረት የሪሚዲያል፣ ማለትም የማካካሻ፣ ትምህርት አለ። መንገዱን ያስረዝመዋል፤ አይዘጋውም።

የቀረው ከሁሉ የሚከብድሽ ነው፤ እህትሽ። የጻፍሽልኝን ቃሏን ደጋግሜ አነበብኩት። «ነርስነት ተማሪ፤ ቶሎ ሥራ ትይዣለሽ፤ እኔም አገሬ እገባለሁ።» አንቺ የሰማሽው የመጀመሪያውን ይመስለኛል። እኔ የታየኝ የመጨረሻው ነው። እህትሽ ደክሟታል፤ ወደ አገሯ የምትመለስበትን ቀን መቁጠር ትፈልጋለች። ነርስነት ለእሷ የምትይዘው ቀን ነው። እንግዲህ ስለ ኬሚስትሪ ከመናገርሽ በፊት ስለዚያ ቀን ብትጠይቂያት ምን ይመስልሻል? ስንት ዓመት ልትቆይ አስባለች? ገንዘቡ የሚያስጨንቃት እስከ የትኛው ድረስ ነው? ምናልባት አንቺ ዩኒቨርሲቲ እስክትገቢ ድረስ ያለው ብቻ ሊሆን ይችላል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ መኝታና ምግብ በወጪ መጋራት ውል የሚሸፈን መሆኑንና የድርሻሽን የምትከፍዪው ሥራ ከያዝሽ በኋላ መሆኑን ታውቃለች? የሚቀርሽ የሳሙና፣ የፎቶ ኮፒና የመንገድ ወጪ ነው። እሱን በቁጥር አስልተሽ ንገሪያት፤ ሩቅ ሆኖ ለሚሠራ ሰው ቁርጡን ማወቅ ትልቅ ዕረፍት ነው።

እውነቱን አትደብቂያት። ሥራ ፍለጋው ለኬሚስትሪ ተመራቂ ቀላል አይደለም፤ ዛሬ ግን ጤና ተመርቆም ቦታ የሚጠብቅ ሰው አለ። ሁለቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ከገባሽ ወደ ነርስነት መዞር እንደማይቻል አስቀድመሽ እወቂው፤ እሷም ትወቀው። ራስሽንም በእውነት ጠይቂ፤ ነርስነትን የማትፈልጊው ስለማይስብሽ ነው ወይስ በሰው የተመረጠልሽ ስለሆነ ብቻ? መልሱ የመጀመሪያው ከሆነ፣ ስትደውል በዚህ ዓይነት ብትጀምሪ ድምፅሽ የሚጠፋ አይመስለኝም፤ «እህቴ፣ ያ የእማን ማሽላ የበላው አቀንጭራ ትዝ ይልሻል? እሱን የሚያጠና ትምህርት አለ። ለእሱ ልፈተን ነው። ካልሆነ ሌላውን እገባለሁ። አንቺ የምትመለሺበትን ቀን ግን እንነጋገርበት።» መጀመሪያ ላይ ብትቆጣ አትከራከሪያት። ሁለት ሦስት ሳምንት ተዪላት፤ እሷም ሌሊት ታስበዋለች።

የሽቶ ብልቃጥ ቤታችሁ አይጠፋም፤ ቀጭኑንና ጠርዙ ጥርት ያለውን መስታወት ምረጪ። ግማሽ ድረስ ውኃ ሙዪበትና መስኮት አጠገብ አቁሚው። ጎንበስ በዪ፣ ዓይንሽን ከውኃው ጋር ትክክል አድርጊ፣ ያቺን ጎድጓዳ ተመልከቻት። ጓደኞችሽንም ጥሪያቸው።

በመጪው መስከረም፣ ውጤት እየጠበቅሽ ቤት ስትሆኚና አቀንጭራዋ በማሽላው መካከል ማበብ ስትጀምር፣ አንዷን አትንቀያት። ዙሪያዋን በቀስታ ቆፍረሽ ከነማሽላው ሥር አውጫት። አፈሩን በውኃ አጥበሽ ሥሯ ከማሽላው ሥር ጋር የተጣበቀበትን ቦታ ፈልጊ፤ በእርሳስ ሣዪው፤ ያየሽውንም ጻፊልኝ።